የአንድ እጅ ተቃውሞ
በጁባ፣ በንያኩሮን ለመምህራን የተደረገ ንግግር



ንያኩሮን ሲባል አስቀድሞ ትዝ የሚለን የባህል ማዕከሉ አዳራሽ ነው። የደቡብ ሱዳን ገዥ ፓርቲ የነጻነት ምክር ቤት ታኅሣሥ 5 እና 6 ቀን 2006 ዓ.ም. የተሰበሰበው በዚያ ነበር። በሁለተኛው ቀን እነ ሪክ ማቻር ቅር ተሰኝተው ሳይገኙ ቀሩ፤ በዚያው ሌሊት በከተማው ተኩስ ተነሣ። ጦርነቱን ያመጣው ያ ስብሰባ ብቻ ነው አልልም። የሚቃወም ሰው ከጉባኤ ሲጎድል ግን ምን ያህል እንደሚያስፈራ ይህ ከተማ ያውቃል። ስለዚህ ወንበሩን ሳይለቁ ስለ ተቃወሙ አንድ ያገራችን ሰው፣ ስለ አቶ ግርማ ሰይፉ ልናገር ወደድሁ።

በ2002 ዓ.ም. ምርጫ ከ547ቱ መቀመጫዎች ኢሕአዴግ 499ኙን፣ አጋሮቹ 46ቱን ያዙ። ከቀሩት ሁለቱ አንዱ የግል ተመራጭ ስለ ነበሩ፣ ከተቃዋሚ ፓርቲ የገቡት በመድረክ ስም ከአዲስ አበባ የተመረጡት አቶ ግርማ ብቻ ናቸው።

አንድ ዕጩ መምህር «አንድ ሰው ብቻውን ምን ሊሠራ?» ሲል በክፍል ውስጥ ጠየቀኝ። በቁጥር ከሄድን አንድም አዋጅ በድምፅ ሊጥሉ አይችሉም ነበር። ነገር ግን የምክር ቤቱን አሠራር ተመልከቱ። ሁሉም የደገፈው አዋጅ «በሙሉ ድምፅ» ጸደቀ ይባላል፤ አንዲት እጅ ለተቃውሞ ከተነሣች ግን «በአንድ ተቃውሞ፣ በአብላጫ ድምፅ» ተብሎ ይመዘገባል። እኒህ ሰው ተቃውመው እጃቸውን ባነሡ ቁጥር «ሙሉ» የምትለው ቃል ከቃለ ጉባኤው ትወጣ ነበር። ይህ በእኔ ግምት ትንሽ ሥራ አይደለም።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 የምክር ቤት አባል ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ተገዥ እንደ ሆነ ይናገራል። አንቀጹን ለፈተና በቃል ስናስጠና ኖረናል። እኔም ዝምታን ከጨዋነት ቆጥሬ ማርክ የሰጠሁባቸው ዓመታት ነበሩ።

አቶ ግርማ ከጊዜ በኋላ ኢዜማን ተቀላቅለው በ2014 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ኢንቨስትመንት ኮሚሽነር ሆነው ተሾሙ። ይህን የሚነቅፉባቸው አሉ፤ እኔ አልነቅፍም፤ ተቃዋሚ ዕድሜ ልኩን ይቃወም የሚል ሕግ የለምና። የሚቆጨኝ የወንበሩ ነገር ነው። በ2007 ምርጫ ገዥው ፓርቲና አጋሮቹ 547ቱንም መቀመጫ ወሰዱ።

ነገር ግን የካቲት 23 ቀን 2010 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ለውሳኔ በቀረበ ጊዜ፣ አንድ ተቃዋሚ እንኳ ባልተመረጠበት በዚያው ምክር ቤት 88 ድምፅ ለተቃውሞ ተሰጠ።