በአዝራር ላይ ስለሚቀመጥ ሥዕል



የአርሲ ደጋ በስንዴውና በገብሱ የታወቀ አገር ነው። በ1967 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ትብብር የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) ማዕከሉን በአሰላ ካደረገበት ጊዜ ጀምሮ የምርምር ውጤት ወደ ገበሬው ማሳ ሲወርድ ቆይቷል። በ2014 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው የ8028 የስልክ መስመር ደግሞ ገበሬው የቁጥር ቁልፍ እየተጫነ ምክር እንዲሰማ አስቻለ። ስክሪኑ በሚነካው ስልክ ላይ የቁጥሩን ቦታ ሥዕል ያለበት አዝራር ይተካዋል፤ የዚህ ንግግር ጉዳይም ይኸው አዝራር ነው።

ሥዕሉ ለጌጥ አይደለም። ከሐምሌ 1971 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ኦሮምኛ በግእዝ ፊደል ይሰጥ ነበር፤ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ግን የሚጻፈው በቁቤ ነው። ከዚህ የተነሣ አያትና የልጅ ልጅ አንዱን ቋንቋ በሁለት ፊደል ያነቡታል፤ ሁለቱንም ፊደል ያልተማረ ጎረቤትም አለ። ለሦስቱም እኩል የሚናገረው ሥዕል ብቻ ነው።

ሥዕሉን በአዝራሩ ላይ የማዋያው መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው የገጹ ንድፍ ሲዘጋጅ አስቀድሞ መወሰን ነው። ሁለተኛው ፕሮግራሙ በሥራ ላይ ሳለ በኮድ ማዘዝ ሲሆን፣ ዝርዝሩ እንደ ወቅቱና እንደ ሰብሉ በሚለዋወጥበት ጊዜ ግድ ይሆናል። በአንድሮይድ ሥዕሉ ድሮዌብል በተባለው ማኅደር ይቀመጥና አዝራሩ በመለያው ተፈልጎ «ሴት ኢሜጅ ሪሶርስ» በሚለው ትእዛዝ ይለብሰዋል። በአይፎን «ሴት ኢሜጅ» የሚለው ትእዛዝ ሥዕሉን ከአዝራሩ ሁኔታ ጋር ይቀበላል፤ ይኸውም ሲጠብቅ፣ ሲጫኑትና ሲዘጋ የተለያየ መልክ እንዲኖረው ነው። መጠኑንም በተመለከተ፣ አንድሮይድ ለጣት ቢያንስ 48 መለኪያ ይመክራል፤ ይህም በኢንች 160 ነጥብ ባለው ስክሪን 48 ነጥብ፣ 320 ባለው 96፣ 480 ባለው ደግሞ 144 ነጥብ ማለት ነው። በሁሉም ላይ ወርዱ ወደ 7.6 ሚሊ ሜትር ይሆናል።

አደጋው የሚመጣው ረጅም ዝርዝር ሲንሸራተት ነው። ስልኩ ማስታወሻውን ለመቆጠብ ሲል ከላይ የጠፋውን ረድፍ ከታች መልሶ ይጠቀምበታል። ፕሮግራሙ አዲስ ሥዕል ካላዘዘለት አዝራሩ የቀድሞውን ሥዕል እንደ ለበሰ ይቀራል። ኔትዎርኩ ደካማ በሆነበት ቀበሌ ደግሞ ዘግይቶ የደረሰ ሥዕል ባለቤቱን ትቶ በሌላ አዝራር ላይ ያርፋል። ፊደል የሚያነብ ሰው ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ አይቶ ይጠራጠራል፤ በሥዕል ብቻ የሚተማመነው ግን ተታልሎ ይጫናል።

ስሕተቱ ቀላል አለመሆኑን የዋግ በሽታ ያስረዳል። ቢጫ ዋግ በቅጠል ላይ በመስመር ተሰልፎ ይታያል፤ የግንድ ዋግ ደግሞ በአገዳው ላይ ቀይ ቡናማ ቁስል ሆኖ ይወጣል። ዲገሉ የተባለው የስንዴ ዝርያ ቢጫ ዋግን በመቋቋሙ በሰፊው ከተዘራ በኋላ፣ በ2013 እና በ2014 እ.ኤ.አ. በአርሲና በባሌ አዲስ የግንድ ዋግ ዘር ክፉኛ ጎዳው። ስለዚህ የሁለቱ ዋግ ሥዕል ቢቀያየር የሚላከው ሪፖርት ባለሙያውን ወደ ተሳሳተ ፍለጋ ይመራዋል፤ በዋግ ዘመን የሚባክን ቀን ደግሞ የማሳ ዋጋ አለው።

መድኃኒቱ ከባድ አይደለም። አንደኛ፣ ሥዕሉ፣ ድምፁና አዝራሩ የሚፈጽመው ተግባር ከአንድ መዝገብ ይነሡ። ሁለተኛ፣ ረድፉ ዳግም ሲያገለግል አሮጌው ሥዕል አስቀድሞ ይጽዳ። ሦስተኛ፣ ዘግይቶ የመጣ ሥዕል ከመለጠፉ በፊት አዝራሩ ዛሬም የእርሱ መሆኑ ይመርመር። አራተኛ፣ ማየት ለተሳነው ሰው ስልኩ የሚያነበው መግለጫ ይጻፍ። አምስተኛ፣ ሥዕሉ ያለ ጽሑፍ ለገበሬው ቀርቦ «ይህ ምንድን ነው?» ተብሎ ይጠየቅ፤ መልሱ ከታሰበው ከተለየ የሚታረመው ሥዕሉ እንጂ ገበሬው አይደለም።

መሐንዲስ ድልድይ ሲሠራ የሚሻገረው ሰው ስሌቱን እንዲያውቅ አይጠብቅም። አዝራርም እንዲሁ ነው፤ የሚጫነው ሰው ከበስተ ኋላው ያለውን ኮድ ሊመረምር አይችልምና፣ የሥዕሉን ቃል የመጠበቁ ግዴታ የሠሪው ነው።