ዝም አይነቅዝም? ኮንፊግ ላይ ግን ይነቅዛል

አድማጮቼ፣ ዛሬ የማወጋችሁ ማንም ሲያመሰግነው ሰምቼ ስለማላውቀው የፕሮግራመር ሙያ ነው፤ የፕለጊን ኦፕሽን አያያዝ። አትሳቁ! ስንቱ ሰርቨር የሚድነውም የሚወድቀውም እዚህች ላይ ነው።

ጥሩውን ከመጥፎው በምን ትለያላችሁ? በኦፕሽኑ ብዛት? በፋይሉ ማማር? እኔ የማየው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የማያውቀው ነገር ሲጻፍለት ይናገራል ወይስ ዝም ይላል?

እ.ኤ.አ. በ1995 የተወለደውን የዌብ ሰርቨር፣ አፓቼን እዩት። እያንዳንዱ ሞጁል፣ ማለትም ፕለጊኑ፣ የሚቀበላቸውን ትእዛዞች፣ የት የት መጻፍ እንደሚፈቀድም ጭምር፣ አስመዝግቦ ነው የሚገባው። ፋይሉን የሚያነበው ግን ዋናው ፕሮግራም ነው። ባለቤት የሌለው ትእዛዝ ሲገጥመው ፋይሉንና መስመሩን ጠርቶ፣ «ወይ ፊደል ተሳስቷል፣ ወይ ሞጁሉ አልተጫነም» ይልና አልነሳም ብሎ ቁጭ! ይህን ያሰበ ሰው እጁ ይባረክ።

ጊትስ? የኦፕሽን ስም ብትገድፉበት ትንፍሽ አይልም። ምክንያት አለው፤ እንደ ጊት ኤልኤፍኤስ ያሉ ተጨማሪዎች እዚያው ፋይል ላይ የራሳቸውን ስለሚጽፉ፣ የቱ የማን እንደሆነ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ2016 የመጣችው ሾው ኦሪጅን የምትባል የጊት ኮንፊግ ኦፕሽን ግን ዋጋው ከየትኛው ፋይል እንደተነበበ ታሳያለች። ግማሽ ካሳ በሏት።

ዝም አይነቅዝም የሚሉት ለሰው ነው። ድሮ በሠራሁበት አንድ ቢሮ ባክአፕ የሚወስድ ፕለጊን ነበር። የማስቀመጫው ኦፕሽን አንድ ፊደል ጎድሎት ተጻፈ። ፕለጊኑ እሺ ብሎ ባክአፑን እዚያው ሰርቨሩ ዲስክ ላይ ሲያጠራቅም ከረመ። ዲስኩ የተቃጠለ ቀን ባክአፑም አብሮ ሄደ። ማን ይጠየቅ?

እናንተ ሰነፎች ደግሞ! አፓቼ ሲጮህባችሁ ትእዛዙን ኢፍ ሞጁል ውስጥ፣ «ሞጁሉ ካለ ብቻ» በሚለው፣ ጠቅልላችሁ አፉን ታስይዙታላችሁ። የሴኩሪቲ ሄደሩን እንዲህ ከጠቀለላችሁት፣ ሞጁሉ በሌለበት ሰርቨር ላይ ሳይቱ ያለ ጥበቃ ይከፈታል፤ ማንም አይነግራችሁም። ኤረሩ ጠፋ እንጂ ችግሩ መቼ ጠፋ?

ዛሬ ማታ የጻፋችሁትን ፕለጊን ክፈቱና ሆን ብላችሁ የሌለ ኦፕሽን ስጡት። ዝም ካለ፣ አዲስ ፊቸር መጨመሩን ተዉትና መጀመሪያ አፉን አስፈቱት።