ስለ ሬዲዮ ሞገድ አመንጪ መሣሪያ
(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



በእጅ ስልካችሁ ስትነጋገሩ መልእክታችሁ ያለ ሽቦ የሚጓዘው በሬዲዮ ሞገድ ላይ ተጭኖ መሆኑን ታውቃላችሁ። ሞገዱን የሚያመነጨው ግን ምንድን ነው? ኦሲሌተር የሚባል መሣሪያ ነው። ዛሬ በስልኮች ውስጥ የሚገኘው ዓይነት ስፋቱ ብዙውን ጊዜ ከአንዲት የጤፍ ቅንጣት አይበልጥም። የዚህ መሣሪያ ችግርና ሊቃውንት ያገኙለት መፍትሔ የዛሬው ንግግራችን አርእስት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጥቅልል ሽቦና ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ካፓሲተር ሲገናኙ፥ የኤሌክትሪክ ኃይል በሁለቱ መካከል እንደ ዥዋዥዌ ይመላለሳል። በመንገድ የሚባክነውን ኃይል ትራንዚስተር እየገፋ ይተካዋል። በአንድ ሴኮንድ ውስጥ የሚመላለስበት ብዛት ፍሪኩዌንሲ ይባላል። ቫራክተር የተባለው ልዩ ካፓሲተር ደግሞ መጠኑ በቮልቴጅ ስለሚለዋወጥ፥ ፍሪኩዌንሲው ለቮልቴጅ ይታዘዛል። ይኸውም ክራር ደርዳሪ ጅማቱን ሲያጠብቀው ድምፁ እንደሚቀጥን፥ ሲያላላው እንደሚወፍር ያለ ነው።

ይሁን እንጂ ጅማቱ ለእጅ እጅግ ታዛዥ ከሆነ፥ የእጁም መንቀጥቀጥ ድምፁን ያበላሸዋል። ኦሲሌተርም እንደዚሁ ነው፤ ለትእዛዝ ፈጥኖ የሚገዛው መሣሪያ፥ በዕቃዎቹ ውስጥ ለሚፈጠረው ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ሁከትም ይገዛል። ያን ጊዜ ሞገዱ ጊዜውን ያዛባል። ጉዳቱም ቀላል አይደለም። በአንዳንድ ዘመናዊ አሠራር አንድ ምልክት ከ256 የተለያዩ የሞገድ አቋሞች አንዱ በመሆኑ፥ ሞገዱ ጥቂት ቢናወጥ ተቀባዩ አንዱን በሌላው ይሳሳታል። ከዚህም በላይ የጎረቤት ጣቢያ ብርቱ ሞገድ የሩቁን ደካማ ድምፅ ይውጠዋል።

ፍሪኩዌንሲው ከፍ ሲል ችግሩ ይበረታል። አምስተኛው ትውልድ የስልክ አሠራር ከ24 ጊጋኸርትዝ በላይ ባለው ክልል ጭምር ይሠራል፤ ይህም በሴኮንድ ከ24 ቢሊዮን ጊዜ በላይ መመላለስ ነው። የ2.8 ጊጋኸርትዝ ሞገድ 10 ጊዜ ተባዝቶ 28 ጊጋኸርትዝ ቢደረግ፥ የመዛባቱ ኃይል 100 ጊዜ ያድጋል። በቀጥታ በከፍታው ላይ እናመንጭ ቢባል ደግሞ፥ ቫራክተሩ በዚያ ክልል ብዙ ኃይል ያባክናል።

እንግዲህ ሊቃውንቱ ምን አደረጉ? በአውሮፓ አቆጣጠር በ1966 ዴቪድ ሊሰን የመዛባቱን መጠን የሚያሰላ ቀመር አወጣ። በ1998 ዓሊ ሐጂሚሪና ቶማስ ሊ ግፊቱ የሚደርስበት ጊዜ ወሳኝ መሆኑን አስረዱ። ዥዋዥዌን የገፋ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ በጊዜው የተሰጠ ግፊት ከፍታውን ብቻ ሲለውጥ፥ ያለ ጊዜው የመጣው ግን የመመላለሻውን ሰዓት ያፋልሳል። በ2008 አንድሬያ ማዛንቲና ፒየትሮ አንድሬያኒ ትራንዚስተሩ ኃይሉን በአጭር ቅጽበት ብቻ የሚሰጥበትን አሠራር አቀረቡ። በ2013 ደግሞ ማሱድ ባባዪና ሮበርት ስታሼቭስኪ በዋናው ሞገድ ላይ ሦስት እጥፍ ፍጥነት ያለውን ሞገድ በመጨመር፥ ሁከት ለመግባት የሚያመቸው ጊዜ እንዲያጥር አደረጉ።

ሌላው ብልሃት ሥራን መከፋፈል ነው። ትላልቁን እርምጃ በማብሪያና ማጥፊያ የሚገቡና የሚወጡ ካፓሲተሮች ይፈጽማሉ፤ ለቮልቴጁ የሚቀርለት ጥቂቱን ማስተካከል ብቻ ነው። ስለዚህ መሣሪያው ሰፊ ክልል ሲሸፍን፥ ለሁከት የተጋለጠው ክፍሉ ትንሽ ይሆናል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለውም፥ አራት ተመሳሳይ ኦሲሌተሮች በሚገባ ቢቀናጁ የመዛባቱ ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል። ነገር ግን የሚፈጁት ኤሌክትሪክ አራት እጥፍ ነውና፥ ዋጋውን የሚከፍለው ባትሪው ነው። ለመሠረት ጣቢያ የሚመረጠው መሣሪያ ለእጅ ስልክ የማይመረጠው ስለዚህ ነው።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን ይጠቅማል? የሬዲዮ ሞገድ ክልል እንደ መሬት ሁሉ ውሱን የሆነ የጋራ ሀብት ነው፤ ሊጨመርበት አይቻልም። በሚገባ ለመካፈል ግን ይቻላል። ሞገዱ በጠራ መጠን ጎረቤታሞች ድንበር ሳይገፉ ተቀራርበው ይሠራሉ፤ በዚያው ስፋትም ብዙ ሰው ይነጋገራል። ይህንንም የምታስጠብቀው ያቺ የጤፍ ቅንጣት የምታህል መሣሪያ ናት።