ሳትበለት የምትዞር ዶሮ

እሷ፦ ዶሮ ሲባል እኛ የምናውቀው 12 ብልት ነው። አንተ ደግሞ ሙሉዋን ብረት ላይ ሰክተህ በከሰል ልታዞራት!

እሱ፦ ብልት ማውጣት ላቃተው መላ ነዋ! (ይስቃል) ቁም ነገሩ ግን ከሰሉ ነው። ፍሙን ከሥሯ ካደረግሽው ስቡ ይንጠባጠብና እሳቱ ቦግ ይላል፤ ቆዳዋ አሮ ውስጧ ጥሬ ይቀራል። ፍሙ ግራና ቀኝ ይሁን፣ መሃል ላይ ስብ የሚቀበል ሳህን።

እሷ፦ ባለፈው የኔዋ እግሯን አንፈራጣ ስትንገላታ ዋለች።

እሱ፦ አላሰርሻትማ! ክንፍና እግሯን በሲባጎ ጥፍር አድርጊ። ወደ አንድ ጎን ካጋደለች አዟሪው ሞተር ይጨነቃል። አንድ ኪሎ ተኩል የምትሞላ ዶሮ ከአንድ ሰዓት በላይ ትፈልጋለች።

እሷ፦ ቅቤና ሚጥሚጣውስ?

እሱ፦ ጨውና ሚጥሚጣውን ከዋዜማው እሺያት። ቅቤውን መጨረሻ ላይ፤ ከቸኮልሽ የሚበላው ፍሙ ነው።

እሷ፦ መብሰሏንስ በምን ልወቅ?

እሱ፦ በቴርሞሜትር! የጭኗ ወፍራም ቦታ ላይ፣ አጥንት ሳይነካ፣ 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያሳይ በቃ። ከዚያ ሩብ ሰዓት አሳርፊያት።

እሷ፦ አድማጮቻችን፣ ከሰሉን ግን ደጅ አቀጣጥሉት። ዝግ ቤት ውስጥ የነደደ ከሰል ይገድላል።