የቤተ ሙከራ እንስሳት አያያዝና የምርምር ታማኝነት፦ ከፎገራ ሜዳ በሽታዎች አንጻር



ርዕሴ የቤተ ሙከራ እንስሳት አያያዝ ነው። ነገሩ ከፎገራ ሜዳ የራቀ ሊመስል ስለሚችል ግንኙነቱን በማስረዳት እጀምራለሁ።

ፎገራ የጉማራና የርብ ወንዞች የሚያጠጡት፣ በክረምት ውኃ የሚተኛበት፣ በሩዙና በከብቱ የታወቀ ሜዳ ነው። ሩዙን የሚያበቅለው ውኃ ለወባ ትንኝ መራቢያ፣ ቢልሃርዝያን ለሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣም ማደሪያ ይሆናል። በዚህ ላይ እ.ኤ.አ. በ2005 በአጎራባቹ ሊቦ ከምከም ወረዳ የካላዛር ወረርሽኝ መግባቱ ታወቀ፤ ፎገራንም አዳረሰ። በሽታው ለአካባቢው እንግዳ ስለነበር በመጀመሪያ መድኃኒት የተላመደ ወባ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ተገምቶ ነበር።

ለእነዚህ ሦስት በሽታዎች መድኃኒት የሚፈልግ ተመራማሪ ሰው ዘንድ ከመድረሱ በፊት በአንዲት ትንሽ እንስሳ በኩል ያልፋል። የወባ ተመራማሪ ሰውን በማይዘው ፕላዝሞዲየም በርጊ በተባለ የአይጥ ወባ ነጫጭ አይጦችን ያስይዛል። የቢልሃርዝያ ትልም በአይጥ ሰውነት ውስጥ ይራባል። ለካላዛር ደግሞ ሃምስተር ትመረጣለች፤ በእርሷ ላይ በሽታው ጉበትንና ጣፊያን በማጥቃት የሰውን ሕመም በእጅጉ ይመስላልና። እንግዲህ የእንስሳዋ ጤንነት፣ ማደሪያና አያያዝ የመለኪያው መሣሪያ አካል ናቸው። ሚዛኑ የተዛባበት ነጋዴ እህሉ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ልኩን ሊነግረን አይችልም።

የዚህን ክብደት ከራሳችን ታሪክ እንመልከት። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ወንዝ ብዙ ቀንድ አውጣ ሞቶ ተመለከቱ። ከዚያ ተነሥተው እንዶድ የቢልሃርዝያን አስተላላፊ እንደሚገድል በምርምር አሳዩ። ነገር ግን እንዶድ በስፋት ጥቅም ላይ እንዲውል መርዛማነቱ በታወቀ የላቦራቶሪ ሥርዓት፣ በእንስሳት ላይ ጭምር ተፈትሾ እንዲቀርብ ተጠየቀ። ያን የሚያሟላ ቤተ ሙከራና ገንዘብ በአገር ውስጥ አልነበረም፤ ጉዳዩም ለብዙ ዓመታት ተጓተተ። ዶክተር አክሊሉና ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ በእንዶድ ሥራቸው ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት የተቀበሉት እ.ኤ.አ. በ1989 ነው፤ ከአድዋው ምልከታ ሃያ አምስት ዓመት በኋላ። የአፍሪካ ሳይንቲስት ሥራ በጥርጣሬ ዓይን መታየቱ ለመዘግየቱ ድርሻ እንደነበረው አክሊሉ ራሳቸው ተናግረዋል። ጥርጣሬውን በአንድ ቀን ልናጠፋው አንችልም። ጥርጣሬው የሚደገፍበትን ክፍተት መዝጋት ግን በእጃችን ነው።

የዚህ ዘርፍ መሠረት የተጣለው እ.ኤ.አ. በ1959 ዊልያም ራስልና ሬክስ በርች ባሳተሙት መጽሐፍ ነው። ሦስት መርሖችን አስቀመጡ፦ በሚቻልበት ሁሉ እንስሳን በሌላ ዘዴ መተካት፣ ቁጥሩን መቀነስ፣ አያያዙን ማሻሻል። መተካት ሲባል፣ ለምሳሌ የካላዛርን ተውሳክ በብልቃጥ ውስጥ አራብቶ የዕፅዋት ጭማቂዎችን አስቀድሞ በዚያ መፈተን ነው። በብልቃጥ ውስጥ ያልሠራ ጭማቂ ያለ ልዩ ምክንያት ወደ ሃምስተር ሊሄድ አይገባም።

አያያዝን በተመለከተ ከአያነሣሥ እንጀምር። አይጥን በጭራዋ አንጠልጥሎ ማንሣት በየቦታው የተለመደ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ጄን ኸርስትና ረቤካ ዌስት ባሳተሙት ጥናት በቱቦ ውስጥ ገብተው ወይም በሁለት መዳፍ ታቅፈው የሚነሡ አይጦች በጭራ ከሚነሡት ይልቅ ፍርሃታቸው የቀነሰ ሆኖ ተገኘ፤ እንዲያውም በፈቃዳቸው ወደ ሰው እጅ ይቀርቡ ነበር። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ቁራጭ የፕላስቲክ ቱቦና ጥቂት ትዕግሥት ነው። ፎገራ ላይ ላም የሚያልብ ገበሬ የደነገጠች ላም ወተቷን እንደምትይዝ ማንም ሳያስተምረው ያውቃል። የደነገጠች አይጥም የደም ስኳሯና የጭንቀት ሆርሞኗ ይለዋወጣል፤ እኛ ግን ለውጡን የመድኃኒቱ ሥራ አድርገን ልንጽፈው እንችላለን።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። አይጥ ተጨማሪ ኃይል ሳታወጣ የሰውነቷን ሙቀት የምትጠብቀው የአካባቢዋ አየር ወደ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጠጋ ነው። የደጋና የወይና ደጋ ሌሊታችን ከዚህ እጅግ የቀዘቀዘ ነው። በወባ ሙከራ ውስጥ ከምንለካቸው ነገሮች ሁለቱ የሰውነት ሙቀትና ክብደት ናቸው። ታዲያ በመስኮት አጠገብ የተቀመጠው ቡድን ከስቶና ሙቀቱ ወርዶ ቢገኝ፣ ያከሳው ወባው ነው ወይስ ብርዱ? መፍትሔው ውድ አይደለም፦ የሌሊቱን ዝቅተኛ ሙቀት የሚይዝ ቴርሞሜትር በክፍሉ መስቀልና አይጦቹ ጎጆ የሚሠሩበት የተቀደደ ንጹሕ ወረቀት መስጠት። ለመኝታ የሚነጠፈውም ሰጋቱራ ምንጩ ይታወቅ። ቫርኒሽ የነካው ወይም ተባይ ማጥፊያ የተረጨበት ከሆነ ይመርዛል። እንደ ጥድ ያለ መዓዛማ እንጨትም የጉበትን ኢንዛይሞች ሊያነቃቃና መድኃኒቱ ከሰውነት የሚወገድበትን ፍጥነት ሊቀይር ይችላል።

ሦስተኛው ድልድል ነው። እንስሳትን ለቡድን ስንደለድል ብዙ ጊዜ እጃችን የደረሰባትን እንይዛለን። ቀድማ የምትያዘው ግን የደከመችው ናት፤ ስለዚህ ደካሞቹ በመጀመሪያው ቡድን ይከማቻሉ። ድልድሉ በዕጣ ይሁን። አንድ ቡድን በሙሉ በአንድ ሳጥን ውስጥ ከተቀመጠ ደግሞ የሳጥኑን ልዩነት ከመድኃኒቱ ልዩነት መለየት አይቻልም፤ እያንዳንዱ ቡድን ቢያንስ በሁለት ሳጥን ተከፍሎ የሳጥኖቹ ቦታ በየጊዜው ይለዋወጥ። በማይክሮስኮፕ ተውሳክ የሚቆጥረውም ሰው ስላይዱ ከየትኛው ቡድን እንደመጣ አይወቅ። የእንስሳቱ ቁጥር አስቀድሞ በስሌት ይወሰን፤ እጅግ ከበዛ ሕይወት ይባክናል፣ እጅግ ካነሰ መልስ ሳይገኝ ሁሉም ይባክናሉ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ በዕቅድ ላይ የተቆጠበ ሰዓት በኋላ ሙከራውን በሙሉ ያስደግማል።

አራተኛው ሥቃይ የሚቆምበት ወሰን ነው። ትሬቫን እ.ኤ.አ. በ1927 ያስተዋወቀው፣ ግማሹን እንስሳ የሚገድለውን መጠን የመፈለግ ዘዴ ለብዙ ዘመን በርካታ እንስሳትን ጠይቋል። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት የቀድሞውን መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2002 ሽሮታል። እርሱን ከተኩት ዘዴዎች በአንዱ መርዛማነቱ አነስተኛ ነው ተብሎ የሚገመት ንጥረ ነገር በኪሎ ግራም 2,000 ሚሊ ግራም ሲፈተን ቢበዛ አምስት እንስሳት ይበቃሉ። በወባ ሙከራም አይጧ እስክትሞት ቀን ከመቁጠር ይልቅ የክብደቷ መቀነስ፣ የሙቀቷ መውረድ ወይም የእንቅስቃሴዋ መጥፋት ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ ሥቃዩ እንዲያበቃ አስቀድሞ መጻፍ ይቻላል። ሌሊት ሞታ ጠዋት የተገኘች አይጥ ደሟም ሆነ አካሏ ለምርመራ አይሆንም።

ይህ ሁሉ በመጨረሻ የሚያርፈው በእንስሳቱ ተንከባካቢ ላይ ነው። ውኃው ሐሙስ ተቋርጦ እንደነበር፣ አንዲት አይጥ ቅዳሜ ፀጉሯ መቆሙን፣ መኖው መቼ እንደተቀየረ የሚያውቀው እርሱ ነው። ነገር ግን የሚጽፍበት መዝገብ ካልተሰጠው፣ ሥልጠና ካላገኘ፣ በበዓል ቀን ተተኪ ከሌለው እውቀቱ ከእርሱ ጋር ይቀራል። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ለመሣሪያ ግዢ በጀት ሲይዙ ለዚህ ሰው ሥልጠናና የሥራ ደረጃም አብረው እንዲያስቡ እጠይቃለሁ።

ውድ ተማሪዎች፤ በሚቀጥለው የምርምር ዕቅዳችሁ ላይ አራት ጥያቄዎችን በጽሑፍ መልሱ። እንስሳቱ እንዴት ይነሣሉ? የክፍሉ የሌሊት ሙቀት ስንት ነው? ድልድሉ በምን ዕጣ ተደረገ? ሥቃያቸው በምን ምልክት ይቆማል? ለእነዚህ መልስ ያለው ጥናት የትም ቢቀርብ ሊመረመር ይችላል። በካላዛር ተይዞ ለሳምንታት መርፌ የሚወጋ የፎገራ ገበሬ የተሻለ መድኃኒት የሚያገኘው እንዲህ ባለ ጥናት ነው፤ የሃምስተሮቹን ሳጥን ግን ሄዶ ሊያይ አይችልም። ያን የማየት ኃላፊነት የእኛ ነው።