ዜሮ ሲባል ሒሳቡ ተዘጋ ማለት አይደለም
(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ኮሚቴው «ሥራችሁን አስረዱን» ብሎ የጠየቀው ሦስታችንን ነው። ሦስታችንም የማኅበሩ አባላት ነን። የምንሠራውም እዚሁ አሜሪካ፣ የቀድሞ ወታደሮች በሚታከሙበት አንድ ሆስፒታል ውስጥ ነው። አንዷ የራጅ ሐኪም፣ ማለትም ራዲዮሎጂስት ናት። ሁለተኛዋ ምስሉን የምታነሳው ቴክኖሎጂስት ናት። ሦስተኛዋ ሒሳብ ሠራተኛ ናት፤ ዛሬ ፊታችሁ የቆመችውም እሷ ናት። ዶክተሯ ተረኛ ናት። ቴክኖሎጂስቷ ደግሞ «ሕዝብ ፊት ቆሜ ከምናገር ሌሊቱን ሙሉ ራጅ ባነሳ ይሻለኛል» ብላ ከኋላ ወንበር ተቀምጣለች። ጽሑፉን ግን ቡና አፍልተን አብረን ነው ያዘጋጀነው። «እኛ» ስንል ሦስታችንን ማለታችን ነው።

ብዙ ሰው ራዲዮሎጂስት ማለት ማሽኑን የሚያንቀሳቅስ ሰው ይመስለዋል። እሱ የቴክኖሎጂስቷ ሥራ ነው። ራዲዮሎጂስቷ የተነሳውን ምስል የምታነብ ሐኪም ናት። ጨለም ባለ ክፍል ውስጥ፣ ትልልቅ ስክሪኖች ፊት ትቀመጣለች። አንድ ሲቲ ስካን ብቻውን በመቶ የሚቆጠሩ ምስሎች ሊኖሩት ይችላል። አንድ በአንድ ታያቸዋለች፤ ከዚያ ያለፈውን ዓመት፣ ከተገኘም የዛሬ አሥር ዓመቱን ምስል አውጥታ ታስተያያለች። ያየችውን በማይክሮፎን ትናገራለች፤ ኮምፒውተሩ ይጽፈዋል። ጽሑፉ ሁለት ዋና ክፍሎች አሉት። መጀመሪያ የታየው ነገር በዝርዝር ይጻፋል፤ መጨረሻ ላይ መደምደሚያው ይሰጣል። ከዚያ ትፈርማለች። አስቸኳይ ነገር ካየች መፈረም ብቻውን አይበቃም፤ ስልክ አንስታ ለታካሚው ሐኪም ትነግራለች።

ሒሳብ ሠራተኛዋ ይህን ስትሰማ «ይሄማ ኦዲተር ነው» አለች። እውነትም ይመሳሰላል። ኦዲተር ገንዘቡን አልተቀበለም፣ አልከፈለም፤ ግን መዝገቡን ካለፈው ዓመት ጋር አስተያይቶ፣ ያየውን ጽፎ፣ በስሙ ይፈርማል። ዶክተራችንም አብዛኛውን ታካሚ በአካል አታየውም። የሰውየው ሕይወት ግን በፊርማዋ ላይ ሊያርፍ ይችላል።

ለዚያ ፊርማ ለመድረስ በአሜሪካ ከኮሌጅ በኋላ 4 ዓመት የሕክምና ትምህርት፣ 1 ዓመት ኢንተርን፣ 4 ዓመት የራዲዮሎጂ ስልጠና ያስፈልጋል። አገር ቤት ተመርቃ የመጣች ሐኪም አብዛኛውን ጊዜ ፈተናውን አልፋ ስልጠናውን እዚህ መድገም አለባት። ዶክተራችን በዚህ መንገድ ነው ያለፈችው። ቴክኖሎጂስት ለመሆን ግን የሁለት ዓመት ኮሌጅና የሙያ ፈተና ይበቃል። ልጆቻችሁ «ምን ልማር?» ሲሏችሁ ይህን አስታውሱ።

ራጅና ጦርነት የቆየ ትውውቅ አላቸው፤ መጀመሪያው ላይ እኛም አለንበት። ቪልሄልም ሮንትገን ራጅን ያገኘው እ.ኤ.አ. በኅዳር 1895 ነው። በዓመቱ በ1896 ከኢትዮጵያ ጋር በተደረገው ጦርነት ቆስለው የተመለሱ የኢጣሊያ ወታደሮች በኔፕልስ ወታደራዊ ሆስፒታል በራጅ ታዩ፤ በክንዳቸው የቀረውን ጥይት ለመፈለግ ነበር። ራጅ ለጦር ቁስለኛ ሲውል ከሁሉም ቀዳሚው ይህ እንደሆነ ይነገራል። ዛሬ ደግሞ የእነዚያ አርበኞች የልጅ ልጅ ልጆች በሌላ አገር ወታደር ገላ ውስጥ የቀረ ብረት እንፈልጋለን።

ብረት መፈለጉን የምር ነው የምንለው። ታካሚዎቻችን በቬትናም፣ በባሕረ ሰላጤው ጦርነት፣ በኢራቅና በአፍጋኒስታን የዘመቱ ናቸው። ብዙዎቹ ፍንጣሪ በሰውነታቸው ይዘው ይኖራሉ። የኤምአርአይ ማሽን ደግሞ ኃይለኛ ማግኔት ነው። ዓይን ውስጥ የቀረች ቅንጣት ብረት በማግኔቱ ተስባ ብትነቃነቅ ዓይንን ልታጠፋ ትችላለች። ስለዚህ ቴክኖሎጂስቷ «ብረት አለብዎት?» ብላ ደጋግማ ትጠይቃለች። ጥርጣሬ ካለ መጀመሪያ የዓይን ራጅ ይነሳል፤ ሐኪሟ ካላጸደቀች ማንም ወደ ማሽኑ አይገባም። አንድ ሽማግሌ ሁለት ጊዜ «የለብኝም» ብለው፣ በሦስተኛው «ቆይ፣ ቆይ፣ አንድ ነገር ነበረች» አሉ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ረስተዋት ነበር።

ማሽኑ ሲሠራ ይጮኻል፤ እንደ መዶሻ፣ አንዳንዴም እንደ ተኩስ ይንኳኳል። ለጤነኛ ሰው የሚያሰለች ድምፅ ነው። ለጦርነት ላየ ሰው ግን ሌላ ነው። ቴክኖሎጂስታችን ከመጀመሯ በፊት ድምፁን በአፏ አስመስላ ታሰማቸዋለች፤ የጥሪ ኳሷን በእጃቸው አስጨብጣ «ይጭመቋት፣ ወዲያው አወጣዎታለሁ» ትላቸዋለች። ብዙዎቹ ሳይጨምቋት ይጨርሳሉ። አወጣዎታለሁ የሚል ሰው መኖሩ በራሱ ይበቃቸዋል።

ከብረቱ ሌላ ዓይን የማያየው አለ። በባሕር ኃይል መርከቦች ላይ ያገለገሉ ሰዎች የአስቤስቶስ ብናኝ በሳንባቸው ዙሪያ ጠባሳ ትቶ ይገኛል። በኢራቅና በአፍጋኒስታን ያገለገሉት ቆሻሻ በሚቃጠልባቸው ጉድጓዶች አጠገብ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2022 የወጣው ፓክት አክት የተባለው ሕግ በእነዚህ ምክንያቶች የታመሙትን የሕክምናና የካሣ መብት አስፍቷል። ስለዚህ ዶክተራችን የምትጽፈው አንድ ዓረፍተ ነገር ለሕክምናም ለመብትም ማስረጃ ሊሆን ይችላል። ያላየችውን አየሁ አትልም፤ ያየችውንም አትዘልም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን እንምጣ። አንድ የቀድሞ ወታደር ለሳንባ ምርመራ መጡ። ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 80 ለሆነ፣ ለብዙ ዓመታት ብዙ ሲጋራ ላጨሱ ሰዎች በዓመት አንድ ጊዜ አነስተኛ ጨረር ያለው ሲቲ ስካን ይመከራል። በሳንባቸው ላይ የ7 ሚሊሜትር ጥላ ታየ፤ የሽምብራ ፍሬ ታክላለች። ይህን በመሰለ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር አይሆንም፤ ግን በ6 ወር እንደገና መታየት አለበት። ዶክተሯ ጽፋ ፈረመች። ሰውየው ግን ቤት ቀይረው፣ ስልክ ቀይረው ጠፉ። የሳንባ ምርመራ ክትትል የያዘችው ነርስ ዝርዝር አላት፤ ስማቸው ከዝርዝሩ አልወጣም። ደወለች፤ አልተነሳም። ደብዳቤ ላከች፤ ተመለሰ። በመጨረሻ የእህታቸውን ስልክ ከመዝገብ አውጥታ አገኘቻቸው። ጥላዋ አድጋ ነበር፤ ግን ገና በቀዶ ሕክምና የምትወጣ ነበረች። ዶክተራችን ስታጫውተን እንዲህ አለች፦ «እኔ አየሁት እንጂ አላዳንኩትም። ያዳነችው ስሙን ከዝርዝር ያላወጣችው ነርስ ናት።»

ሒሳብ ሠራተኛዋም ይህን በራሷ ሥራ ታውቀዋለች። በ2018 በወጣው ሚሽን አክት መሠረት አንዳንድ የቀድሞ ወታደሮች ውጭ ባሉ ክሊኒኮች ይታያሉ፤ ሒሳቡ ወደ መንግሥት ይመጣል። አንዳንድ ጊዜ ደረሰኙ ደርሶ የምስሉ ውጤት ያልደረሰበት ፋይል ያጋጥማታል። ለሒሳብ ክፍል ገንዘቡ ከተከፈለ ፋይሉ ያለቀ ይመስላል። ለሰውየው ግን ገና አልተጀመረም።

ይህን ሁሉ እያወቅን እኛው ቤት የሆነውን እንንገራችሁ። እህታችን ፈቅዳልናለች፤ ስሟን ግን አንጠራም።

ባለፈው ዓመት አንዲት አባላችን በሌላ ቦታ ማሞግራም ተነሳች። ውጤቱ በስልኳ መጣ፤ ሴት ልጇ አነበበችላት። «ባይራድስ ዜሮ» ይላል። በወርሃዊ ስብሰባችን ላይ «ዜሮ ነው፣ ምንም የለብኝም» ብላ ነገረችን፤ እልል አልን። ከሦስታችን በዚያን ቀን የተገኘችው ሒሳብ ሠራተኛዋ ብቻ ነበረች። «ዜሮ ከሆነማ ሒሳቡ ተዘጋ» ያለችውም እሷ ናት።

እህቶቻችን፣ በማሞግራም ዜሮ ማለት ምንም የለም ማለት አይደለም። ሐኪሟ «ያየሁት አልበቃኝም፣ ተጨማሪ ምስል ላኩልኝ» እያለች ነው። ምንም የለም የሚባለው 1 ሲጻፍ ነው። 2 ሲሆን የሚታይ ነገር አለ፣ ግን ጉዳት የለውም። 3 ሲሆን ጉዳት የሌለው ሳይሆን አይቀርም፣ ግን በአጭር ጊዜ ይታይ። 4 እና 5 ሲሆኑ ናሙና መወሰድ አለበት። 6 ካንሰርነቱ አስቀድሞ ለተረጋገጠ ነው። ዜሮ የተባሉ ብዙዎቹ ተጨማሪ ምስል ሲነሱ ደህና ሆነው ይገኛሉ፤ ስለዚህ የሚያስደነግጥ ቃል አይደለም። የሚያስቀጥር ቃል ነው።

እህታችን ተመልሳ የሄደችው ከስምንት ወር በኋላ፣ እብጠቱን በእጇ ስትዳስሰው ነው። ደብዳቤ ተልኮላት ነበር፤ ከማስታወቂያ ወረቀቶች ጋር በመሳቢያ ተገኘ። ዛሬ በሕክምና ላይ ናት፤ እየበረታችም ነው። ቀደም ብላ ሄዳ ቢሆን ምን ይሆን ነበር? ዶክተራችን «ይህን ማንም በእርግጠኝነት ሊነግርሽ አይችልም» ብላታለች። ያ ስምንት ወር ግን የእሷ ብቻ አልነበረም። እኛም እልል ብለንበታል።

ስለዚህ ከንግግር ያለፈ ነገር ይዘን መጥተናል።

አንደኛ፣ ማኅበሩ የቀጠሮ መዝገብ ይክፈት። የፈቀደች አባል ሦስት ቀኖች ብቻ ታስመዘግባለች፤ የተነሳችበትን ቀን፣ ውጤት የምትጠብቅበትን ቀንና የሚቀጥለውን ቀጠሮ። ምን ታየ፣ ምን ተባለ የሚለው አይጻፍም። ሒሳብ ሠራተኛዋ መዝገቡን ልትይዝ ቃል ገብታለች፤ ዕዳዋ ነውና።

ሁለተኛ፣ በየወሩ ሁለት ሴቶች ይደውሉ። «ውጤትሽ ደረሰ? የሚቀጥለው መቼ ነው?» ይበሉ። ሌላ ጥያቄ የለም። አሜሪካ ውስጥ ማሞግራም ቤት በ30 ቀን ውስጥ በቀላል ቋንቋ የተጻፈ ውጤት ሊልክ በሕግ ይገደዳል። ወሩ ካለፈ «ዝም ካሉ ደህና ነኝ ማለት ነው» አንበል፤ እንደውል።

ሦስተኛ፣ ልጆቻችንን አስተርጓሚ አናድርጋቸው። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት። «አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ማለት ልመና አይደለም፤ መብት ነው። ልጅቱ ያነበበችው ትክክል ነበር፤ ትርጉሙን እንድታውቅ መጠበቃችን ነው ስህተቱ።

አራተኛ፣ ለረጂዎቻችን። ገንዘባችሁ ማሽን አይገዛም፤ ማሽን በየሰፈሩ አለ። ኢንሹራንስ ለሌላት፣ ገቢዋ ዝቅተኛ ለሆነም በየግዛቱ በነፃ የሚያስመረምር የመንግሥት ፕሮግራም አለ። የጎደለው ሌላ ነው። በሰዓት እየተከፈላት የምትሠራ እናት ለሁለተኛ ምስል ስትሄድ የቀን ደመወዟ ይቀርባታል፣ ትራንስፖርት ትከፍላለች፣ ልጅ የሚይዝላት ታጣለች። የምንለምናችሁ ለዚያች ለሁለተኛዋ ቀን ነው። እያንዳንዱን ወጪ በደረሰኝ እናወራርዳለን፤ ሒሳቡን በዚሁ መጽሔት ታገኙታላችሁ።

ዕድሜያችን 40 የሞላ ሁላችንም እስከ 74 ዓመት ድረስ በየሁለት ዓመቱ ማሞግራም እንድንነሳ ይመከራል። በቤተሰቧ የጡት ካንሰር ያለባት ቀደም ብላ ሐኪሟን ታማክር።

አያቶቻችን እድር መሥርተው ያቆዩን መልካም ነገር ነው። ግን የእድር ጥሩምባ የሚነፋው ሰው ከሞተ በኋላ ነው። እኛ ደግሞ ቀድሞ የሚነፋ ጥሩምባ እንፈልጋለን፤ እሱም አንድ ስልክ መደወል ነው።

መዝገቡ ከበሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። የመጀመሪያውን መስመር የሞላችው ያቺ እህታችን ናት። ከመውጣታችሁ በፊት ከሥሯ ጻፉ።