ከማሳ ዳር ለጎረቤት የሚተው የእግር መንገድ

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለመሠረታዊ የኅብረት ሥራ ማኅበራት አባላትና ለወረዳ የሥራ ኃላፊዎች የቀረበ ንግግር)








በእንዲህ ዓይነቱ በዓል ላይ ስለ ምርጥ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያ አቅርቦትና ስለ ትርፍ ክፍፍል መናገር የተለመደ ነው። ዛሬ የሚነሣው ጉዳይ ግን ከእነዚህ ሁሉ ያነሰ የሚመስል ነው። ይኸውም በማሳና በማሳ መካከል የሚያልፈው የእግር መንገድ ነው። ይህ መንገድ ትንሽ የሚመስለው ክፍት እስከሆነ ድረስ ብቻ ነው። በተዘጋ ዕለት ግን ጎረቤትን ከጎረቤት ያጣላል፣ ሽማግሌ ያስቀምጣል፣ አንዳንዴም እስከ ፍርድ ቤት ያደርሳል።

በዳባትና በደባርቅ ደጋ የሚኖር አርሶ አደር ወደ ጎንደር የሚወስደውን አውራ ጎዳና ለማግኘት፣ እህል ለማስፈጨት፣ ልጁን ትምህርት ቤት ለመላክና ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም በሰው ይዞታ ላይ ማለፉ አይቀርም። መንገዱ ለሥራ ብቻ የሚያገለግል አይደለም። በጥምቀት ታቦት አጅቦ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ የሚወርደው ሕዝብ፣ በገና ዱላውን ይዞ ወደ ጨዋታው ሜዳ የሚሄደው ወጣት፣ ማልዶ ሩጫ የሚለማመደው ተማሪ፣ ወደ ማታ ወጣ ብለው ጉብታው ላይ ነፋስ የሚቀበሉት አዛውንት ሁሉ የሚጠቀሙት በዚሁ መንገድ ነው። የከተማ ሰው መናፈሻ አለው። የገጠር ሰው መናፈሻ ሜዳውና ወደ ሜዳው የሚያደርሰው መንገድ ነው።

መንገዱ እንዴት ይጠፋል?

የእግር መንገድ በአንድ ቀን አይጠፋም። የሚጠፋው በየዓመቱ በአንድ ትልም ነው። ከላይ ያለው ባለማሳ ዘንድሮ አንድ ትልም ይጨምራል፤ ከታች ያለውም በተራው ለከርሞ አንድ ትልም ይጨምራል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ያሳልፍ የነበረው መንገድ አንድ ሰው ለማሳለፍ ይጠባል። በመጨረሻም መንገደኛው በገብሱ ላይ መሄድ ይጀምራል። ያን ጊዜ ባለማሳው "ማሳዬን ረገጡብኝ" ይላል፤ መንገደኛውም "የአባቴን መንገድ አረሱብኝ" ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው።

ቀደም ሲል ይህን ችግር የሚያለዝብ ልማድ ነበር። አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ማሳው ሁሉ ክፍት ስለሚሆን ሰውም ከብትም እንደልቡ ያልፍበት ነበር። የመንገድ ችግር የሚኖረው በክረምትና በመኸር ወራት ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። አሁን ግን ሁኔታው እየተለወጠ ነው። ልቅ ግጦሽን የማስቀረት ሥራ፣ በመስኖ በበጋም ማምረት፣ በማሳ ዳር ባሕር ዛፍ መትከልና ማጠር እየተስፋፉ መጥተዋል። ከባሕር ዛፉ በስተቀር እነዚህ የሚደገፉ የልማት ሥራዎች ናቸው፤ ባሕር ዛፍም ቢሆን በቦታው ሲተከል ገቢ ያስገኛል። ይሁን እንጂ ማሳው ዓመቱን ሙሉ የተዘጋ ሲሆን፣ ማንም ሳይጽፈው በልማድ ብቻ የኖረው መንገድም አብሮ ይዘጋል። ስለዚህ ቀድሞ ልማድ ይጠብቀው የነበረውን ዛሬ ስምምነት ሊጠብቀው ይገባል።

ዋጋው ስንት ነው?

አርሶ አደር የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ነው፤ ትክክለኛ ጥያቄም ነው። እስቲ ጎኑ 50 ሜትር በ50 ሜትር የሆነ፣ ማለትም ሩብ ሔክታር የሚሆን አንድ የገብስ ማሳ ይታሰብ። በአንድ ጎኑ ላይ 1 ሜትር ተኩል ስፋት ያለው መንገድ ቢተው የሚወስደው ቦታ 75 ካሬ ሜትር ነው። ይህም ከማሳው 3 በመቶ ነው። በሔክታር 20 ኩንታል ገብስ ይገኛል ቢባል፣ የሚቀረው ምርት 15 ኪሎ ግራም ያህል ነው። መንገዱ በሁለት ማሳዎች ወሰን ላይ ቢሆንና ሁለቱ ጎረቤቶች እኩል ቢያዋጡ ደግሞ የእያንዳንዳቸው ድርሻ 7 ኪሎ ተኩል ይሆናል።

በሌላ በኩል መንገድ ያልተተወለት ማሳ ምን እንደሚሆን ሁሉም ያውቀዋል። በነሐሴ ጭቃ መንገደኛው ጭቃውን እየሸሸ ዛሬ በአንድ በኩል፣ ነገ በሌላ በኩል ይረግጣል። አንድ ሜትር ተኩል የተነፈገው እግር በዓመቱ መጨረሻ ሦስትና አራት ሜትር ወስዶ ይገኛል። ስለዚህ ቆጥቦ መስጠት ጨርሶ ከመከልከል ያነሰ ኪሳራ አለው።

ስፋቱ አንድ ሜትር ተኩል ይሁን የተባለውም ያለ ምክንያት አይደለም። ምጥ የያዛትን እናት ወይም የታመመን ሰው በቃሬዛ ተሸክሞ መኪና ወደሚገኝበት መንገድ ማድረስ በብዙ የደጋ ቀበሌዎች የታወቀ ነው። ቃሬዛ አራት ሰው ይይዘዋል፤ ሁለት ከፊት፣ ሁለት ከኋላ፣ ጎን ለጎን። አንድ ሰው ብቻ በሚያሳልፍ ቀጭን መንገድ ላይ ቃሬዛ አያልፍም፤ ተሸካሚዎቹም በሌሊት፣ በዝናብ፣ በትልም ውስጥ ይሰናከላሉ። ዛሬ መንገዱን ያጠበበው ሰው ነገ የራሱ ቤተሰብ በዚያው ቃሬዛ ላይ ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ይኖርበታል።

ሕጉስ ምን ይላል?

መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑ በ1987 ዓ.ም. በጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ተደንግጓል። አርሶ አደሩ ያለው የመጠቀም መብት፣ የይዞታ መብት ነው። የአማራ ክልልም ይህን መብት በአዋጅ ቁጥር 133/1998፣ ኋላም ይህን ባሻሻለው በአዋጅ ቁጥር 252/2009 በዝርዝር ደንግጓል። እንደዚሁም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ "የንብረት አገልግሎት" በሚል ስያሜ፣ አንድ መሬት ለሌላው መሬት ጥቅም መተላለፊያን የመሰለ ግዴታ ሊሸከም እንደሚችል ያውቃል። እንግዲህ መንገድ መተው ማለት መሬት ማጣት ማለት አይደለም። ባለይዞታው የሚሰጠው ማለፊያን ነው። ደብተሩ የእርሱ እንደሆነ ይቆያል፤ የመንገዱ ዳር ሣርም የእርሱ ነው።

በክልሉ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር የባልና የሚስት ስም በጋራ የሚጻፍበት መሆኑ ይታወቃል። ስለሆነም አባወራው ብቻውን "ይለፉ" ማለቱ አይበቃም፤ የእማወራዋም ፈቃድ ሊጠየቅ ይገባል። በተለይ መሬቷን ለሌላ ሰው በእኩል የምታሳርስ ብቸኛ እማወራ፣ ለመከራከር አቅም የላትም ተብሎ የሰፈሩ መንገድ ሁሉ በእርሷ ማሳ ላይ እንዳይጫን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መንገድ የሚሰጥ ከሆነ ሁሉም ጎረቤት ሊያዋጣ ይገባል፤ ማሳው እጅግ የጠበበበት ሰው ካለም ሌሎቹ በጉልበት ሊያካክሱለት ይችላሉ።

ስምምነቱ ምን ይያዝ?

በጎጥ ደረጃ ባለይዞታዎች፣ ሽማግሌዎችና የቀበሌው የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ ተሰብስበው አንድ ገጽ የማይሞላ ስምምነት ቢጽፉ ብዙ ጠብ ይቀራል። በስምምነቱ ቢያንስ የሚከተሉት ነጥቦች ቢካተቱ መልካም ነው።

አንደኛ፣ መንገዱ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስና ስፋቱ። በገመድ ተለክቶ በድንጋይ ምልክት ይደረግበታል። በይዞታ ልኬታ ጊዜም መንገዱ በካርታው ላይ መታየቱ ይረጋገጣል።

ሁለተኛ፣ ማን እንደሚያልፍበት። የእግረኛ መንገድ የከብት መንጃ አይደለም። መንጋ ሰፊ ቦታ ስለሚፈልግ ለብቻው መንጃ ሊኖረው ይገባል።

ሦስተኛ፣ የመንገደኛው ግዴታ። ከመስመሩ አለመውጣት፣ እሸት አለመቅጠፍ፣ የተዘጋ በር ከፍቶ አለመተው።

አራተኛ፣ ጥገናው የማን እንደሆነ። ባለማሳው ቦታ ሰጥቷል፤ ጉልበት የሚያዋጣው ተጠቃሚው ነው።

አምስተኛ፣ ባለማሳው ቤት ለመሥራት ወይም ጉድጓድ ለመቆፈር ቢፈልግ መንገዱ በስምምነት ወደ ሌላ ጎን እንዴት እንደሚዛወር።

አሠራሩም ጥንቃቄ ይጠይቃል። ቁልቁለቱን ቀጥ ብሎ የሚወርድ መንገድ በሁለት ክረምት የጎርፍ ቦይ ይሆናል። ስለዚህ መንገዱ የመሬቱን አቀማመጥ ተከትሎ አግድም እንዲሄድ፣ መውረድ ግዴታ በሆነበት ቦታም እየተጠማዘዘ እንዲወርድ ማድረግ ይገባል። ውኃውን ወደ ጎን የሚመልስ ድንጋይ በየተወሰነ ርቀት ይቀበራል። በአፈር እርከን ጀርባ ላይ መሄድ እርከኑን ስለሚያፈርሰው መንገዱ ከእርከኑ ራቅ ይበል። ዳሩ ላይ ደሾ ሣር ወይም ትሪሉሰርን ቢተከል አፈሩን ይይዛል፣ ለከብትም መኖ ይሆናል። በየዓመቱ በበጋ በሚካሄደው የተፋሰስ ልማት ሥራ አንድ ቀን ለእግር መንገዶች ቢመደብ ለጥገናው ይበቃል።

የሌሎች ልምድ

በዚህ ጉዳይ ሌሎች አገሮችም ተከራክረው መፍትሔ አግኝተዋል። ስዊድን ውስጥ ማንኛውም ሰው ጉዳት ሳያደርስ በሰው መሬት ላይ በእግሩ የማለፍ የቆየ መብት አለው። ስኮትላንድ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣችው ሕግ ለእግረኛ ሰፊ መብት ስትሰጥ፣ የተዘራ ማሳን ከመብቱ ውጭ አድርጋ የማሳውን ዳር ግን ክፍት አድርጋለች። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣ ሕግ ደግሞ ስፋቱ ያልተመዘገበ የእግር መንገድ በማሳ ዳር ሲያልፍ ቢያንስ 1 ሜትር ተኩል፣ ማሳ አቋርጦ ሲያልፍ ቢያንስ 1 ሜትር እንዲሆን ያዛል። በማሳ ዳር ያለውን ማረስ ክልክል ነው። እነዚህ ሕጎች የአርሶ አደሩን አዝመራና የመንገደኛውን እግር አብረው የሚያኖሩ ናቸው።

ወደ አገር ቤት ሲመለስ፣ በሰሜን ወሎ መቄት ወረዳ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ "ተስፋ" በሚል ስያሜ የተጀመረው የማኅበረሰብ ቱሪዝም የሚጠቀስ ነው። እንግዶች ከመንደር መንደር በገበሬው መንገድ በእግር እየሄዱ የአካባቢው ነዋሪ በሚያስተዳድራቸው ማረፊያዎች ያድራሉ። በሰሜን ተራሮችም ቢሆን ከሳንቃበር ወደ ግጭና ወደ ጨነቅ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ራስ ደጀን የሚወስደው የጎብኚ መንገድ የአካባቢው ሰው በቅሎውን ጭኖ ሲመላለስበት የኖረ መንገድ ነው። በርካታ የደባርቅ አካባቢ ወጣቶች በመሪነት፣ በበቅሎ ኪራይና በምግብ አብሳይነት የኖሩት በዚሁ መንገድ ነው።

ይሁን እንጂ የእንግዳ ገንዘብ ብቻውን የመንገድ ምክንያት ሊሆን አይገባም። በ2012 ዓ.ም. የኮቪድ ወረርሽኝ፣ ቀጥሎም ጦርነት በመጡ ጊዜ የጎብኚው እግር ተቋርጧል። የጎረቤት እግር ግን አልተቋረጠም። ለጎብኚ ተብሎ የተተወ መንገድ ጎብኚ ሲጠፋ ይታረሳል፤ ለጎረቤት ተብሎ የተተወ መንገድ ግን ጎብኚ ሲመለስም ይጠብቀዋል።

ከግጭ የተገኘ ትምህርትም አለ። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ላይ ባሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገባ፤ ከመዝገቡ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ከዚህ በፊት በፓርኩ ውስጥ የነበሩት የግጭ ነዋሪዎች፣ ከ400 የማያንሱ ቤተሰቦች፣ ቀያቸውን ለቀው ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። መሬትን በጋራ የመጠቀም ጉዳይ በጊዜው በትንሹ ካልተነጋገሩበት ኋላ በትልቁ እንደሚመጣ ይህ ያሳያል። ለዱር እንስሳውና ለአገሩ የተከፈለው ዋጋ ከባድ ነበር፤ የከፈሉትም እነዚያ ቤተሰቦች ናቸው። ለመንደር መንገድ የሚጠየቀው ግን አንድ ሜትር ተኩል ነው።

የኅብረት ሥራ ማኅበራት ድርሻ

ይህ ጉዳይ ለምን በዩኒየን በዓል ላይ ይነሣል የሚል ይኖር ይሆናል። መልሱ በኅብረት ሥራ መርሆዎች ውስጥ ይገኛል። ዓለም አቀፉ የኅብረት ሥራ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1995 በማንቸስተር ባጸደቃቸው ሰባት መርሆዎች መጨረሻ ላይ የተቀመጠው ለማኅበረሰብ ማሰብ የሚለው ነው። ማኅበር አባላቱን ብቻ ጠቅሞ በመካከላቸው የሚኖርበትን ሕዝብ ሊረሳ አይችልም። ደግሞም ማዳበሪያው ከመጋዘን እስከ ማሳ፣ ገብሱም ከማሳ እስከ መጋዘን የሚጓዘው መጀመሪያ በሰው ጀርባና በአህያ ነው። መንገድ የሌለው አባል ምርቱን በወቅቱ ለማኅበሩ አያቀርብም።

መሠረታዊ ማኅበራቱ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤያቸው አንድ አጀንዳ ቢይዙ ይጠቅማል። በየጎጡ ያሉትን የቆዩ የእግር መንገዶች በሽማግሌ አስቆጥረው ይመዝግቡ፤ ከጠበቡት መካከል አንዱን፣ አንዱን ብቻ፣ በዚህ በጋ በስምምነት ያስከፍቱ። ወደ ጤና ጣቢያ የሚወስደው ቢቀድም ይመረጣል። የወረዳው ኃላፊዎችም ስምምነቱ በጽሕፈት ቤት መዝገብ እንዲያዝ ቢረዱ፣ የዛሬው ቃል ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

"ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" እየተባለ በየስብሰባው ይነገራል። ድሩ ግን ከቤት ወደ ቤት የሚዘረጋው በመንገድ ነው። መንገዱ የተቆረጠ ጎረቤት በመዝገብ አባል ቢሆንም በኑሮ ብቻውን ነው።

መልካም በዓል፣ መልካም የምርት ዘመን ይሁን!